ከአሮጌ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የወጣ ፓምፕ ለጓሮ አትክልት

ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለቀለት ተብሎ ሲጣል አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ወይ ቦርዱ ነው፣ ወይ ኩሽኔታው። የታጠበበትን ውሃ የሚያስወጣው ትንሽ ፓምፕ ግን ደህና ሆኖ አብሮ ይጣላል። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ለጓሮ የሚሆን ደህና ዕቃ ነውና።

መጀመሪያ ጠባዩን እንወቅ። ይሄ ፓምፕ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 ዋት ቢበላ ነው። የተሠራው ብዙ ውሃ በአጭር ጊዜ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ እንዲጥል ነው፤ የማሽኑን ማስወጫ ጎማ ከፍታ ልብ ብላችሁ እዩት። ከዚያ በላይ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ቶሎ ይከዳዋል። ደግሞም ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ እንዲያርፍ እንጂ ቀኑን ሙሉ እንዲዞር አልተሠራም። ሳያርፍ ከሠራ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ታዲያ ለጓሮ ምን ይረባል? እናስላው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። 4 ካሬ ሜትር መደብ 5 ሚሊ ሜትር እንዲያገኝ ብትፈልጉ 20 ሊትር ይበቃል። ጤነኛ ፓምፕ፣ ከፍታው ዝቅ ካለ፣ ይህን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። የትንሽ ጓሮ ሥራና የዚህ ፓምፕ ዐቅም ልክክ ይላሉ። እኔ የምወደውም ለዚህ ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ማስወጫ ፓምፕም ከዚሁ ወገን ነው። እዚያው ውስጥ ያለው ትልቁ፣ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ሦስት ሽቦ ኖሮት በቦርድ የሚነዳ ከሆነ ግን ተዉት፤ ቀጥታ ሶኬት ላይ አይሠራም። የቡና ማሽን ፓምፕ ግፊቱ ኃይለኛ ነው፣ ውሃው ግን ጠብታ ነው። የፍሪጅ ኮምፕረሰር የሚገፋው ጋዝ ነው፤ ፈጽሞ አትንኩት።

ማውጣቱ ቀላል ነው። ስፒናውን ንቀሉ። ከታች በፊት በኩል ያለውን የማጥለያ ክዳን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ። ፓምፑ ከማጥለያው ጋር ተያይዞ ነው የሚገኘው። ሁለቱን አብራችሁ አውጧቸው፤ ማጥለያው ቅጠልና ጠጠር ስለሚይዝላችሁ ጓሮም ላይ ይፈለጋል። ሽቦውን ፓምፑ ሥር አትቁረጡ፤ ለመቀጠል እንዲመች ረዘም አድርጋችሁ አስቀሩ።

አሁን ፈትሹት። ውሃ የሚገፋውን ክንፍ በጣታችሁ አዙሩ። ቀጥ ብሎ ከመዞር ይልቅ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ውስጡ ማግኔት ስላለ ነው፣ ጤና ነው። ብዙዎቹ ላይ ክንፉ መጀመሪያ ትንሽ ላላ ብሎ ይዞርና ከዚያ ይይዛል። ተሰብሯል ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ሞተሩ ሲነሳ እንዳይከብደው ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ከዚያ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ሽቦው የሚገባባቸውን ሁለቱን ጫፎች ለኩ። ከ100 እስከ 200 ኦም አካባቢ ካነበበ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ደህና ነው። ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ጥቅሉ አጠገብ ዝገት ወይም የውሃ ምልክት ካያችሁ ግን አትሞክሩት፣ ጣሉት።

በደንብ አስቡበት የምለው አቀማመጡን ነው። ይሄ ፓምፕ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ኤሌክትሪኩ ክፍት ነው። ከታች ውሃ ስቦ ማውጣትም አይችልም። ስለዚህ ከበርሜሉ ውጭ፣ ከውሃው ዝቅ ብሎ ይቀመጥና ውሃው በራሱ ይምጣለት። በርሜሉን ከታች ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ብሱት፤ ደለሉ እዚያው ይቅር። የፓምፑ መውጫ ወደ ላይ ይዙር። ወደ ታች ከዞረ አየር ውስጡ ይታፈንና ውሃ ሳይገፋ እያጓራ ይቀራል።

በርሜላችሁ ከመደቡ ከፍ ብሎ መቀመጥ ከቻለ ግን ፓምፑን እርሱት። ውሃ በራሱ ይወርዳል። ፓምፕ የሚያስፈልገው መደቡ ከውሃው ከፍ ሲል ነው። በርሜሉ ሞልቶ ሳለ ውሃው ከመደቡ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ፓምፑን ብታጠፉም ውሃው ይፈሳል። ጎማውን ከበርሜሉ አፍ በላይ አሳልፉና የጎማው አናት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ አየር ገብቶ ፍሰቱን ይቆርጠዋል።

ጎማው የመውጫውን ያህል ሰፊ ይሁን፣ አጭር ይሁን። ቀጭን ጎማ ይህን ፓምፕ ያንቀዋል። የጠብታ መስኖ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 1 ባር አካባቢ ይፈልጋል፤ ይሄ ማለት 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ግፊት ነው። ፓምፓችን አንድ ወይ ሁለት ሜትር ነው ዐቅሙ። ስለዚህ ሰፊውን ጎማ በመደቡ ላይ ዘርጉና በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ፣ ጫፉን ድፈኑ።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቸል አትበሉ። ፓምፑ ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ ከቤታችሁ ጋር ይግጠም። መስመሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር (RCD) ላይ ይሁን። የብረት አካል ካለው ኧርዝ ይታሰርለት። ፓምፑን ዝናብና ርጭት የማይደርስበት፣ ግን አየር የሚያገኝ ሳጥን ውስጥ አስገቡት። ሽቦው ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይውረድ፤ ጠብታው እዚያ ይንጠባጠባል። ውሃውንም ሆነ ፓምፑን ከመንካታችሁ በፊት ስፒናው ይነቀል። ሽቦ ማያያዝ ካልለመዳችሁ ይህችን ክፍል ለኤሌክትሪሺያን ስጡ።

አውቶማቲክ ሰዓት የምታስገቡ ከሆነ በደቂቃ የሚቆጠረውን ምረጡ። በእጅ የሚዞረው ብዙ ጊዜ ከ15 ደቂቃ በታች አይሠራም። ለዚህ ፓምፕ ይበዛበታል፤ በርሜሉ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ደረቁን ይዞርና ይበላሻል። እኔ ሰዓትም አልጠቀምም። አብርቼ እዚያው ቆሜ ቅጠሉን እያየሁ አጠፋዋለሁ።

የመጀመሪያውን ባልዲ ወደ አትክልቱ አትልቀቁት። ውስጡ የቆየ ሳሙና ይኖራል፤ ንጹሕ ውሃ አሳልፋችሁበት አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ድፉት።