ጊዮን ማትሱሪን ያለ ግፊያ ለማየት

በክረምት ጃፓን፣ ኪዮቶ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ የከተማዋን ትልቅ በዓል የጊዮን ማትሱሪን የሠረገላ ሰልፍ ጁላይ 17 ሳይሆን ጁላይ 24 እዩት። በእኛ ሐምሌ 17 መሆኑ ነው። ሕዝቡ የሚጎርፈው ለመጀመሪያው ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ከ1966 ጀምሮ ከመጀመሪያው ጋር ተቀላቅሎ ቆይቶ፣ ራሱን የቻለው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ሠረገላዎቹ 11 ብቻ ናቸው፤ በመጀመሪያው 23። ግን ግዙፎቹ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ፣ ጎማቸው ሥር እርጥብ ቀርከሃ ተነጥፎ በገመድ እየተጎተቱ ሲዞሩ ቀረብ ብላችሁ ታያላችሁ። ለእኔ የበዓሉ ምርጥ ክፍል ይሄ ነው! ሰልፉን የሚዘጋው ደግሞ በመርከብ ቅርጽ የተሠራው ኦፉኔሆኮ ነው።

የመንገድ ላይ ምግብና የምሽት ድምቀት ለሚፈልግ ግን ይሄ ቀን አይሆነውም። ለዚያ ጁላይ 15 እና 16 ምሽት ይሻላል።