በሰሜን ሸዋ ቆላ የሚገዙትን ቤት አስቀድሞ እንዴት ማስመርመር እንደሚቻል

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማበርን ዋሻ ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወርዶ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ጥላ ይፈልጋል። የቤት አመራረጥ ልማዱን ግን ብዙ ጊዜ ከደጋው እንዳለ ይዞት ይወርዳል። የደጋ ሰው ቤት ሲያይ ግድግዳው ንፋስ ያስገባ እንደሆነ፣ ወለሉ ይቀዘቅዝ እንደሆነ ይጠይቃል። በቀወት፣ በኤፍራታና ግድም፣ በአንጾኪያ ገምዛ ቆላማ ቀበሌዎችና በምንጃር ሸንኮራ ዝቅተኛ ስፍራዎች ግን ቤትን የሚጎዱት ምስጥ፣ ደራሽ ጎርፍ፣ በክረምት የሚያብጥና በበጋ የሚሰነጠቅ መረሬ አፈር፣ እንዲሁም ቆርቆሮን ከምስማሩ የሚያላላ ፀሐይ ናቸው። ጉዳታቸው የሚጀምረው ከመሬቱ ወይም ከጣሪያው ነው፤ ገዢው ዓይኑን የሚያሳርፈው ደግሞ በመሀል፣ በቀለሙና በሴራሚኩ ላይ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ከአፈሩ ተጀምሮ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ መደረግ ያለበትም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድን ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። በሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ የሰጠውን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድ ከፍሎ ከዚያ በኋላ ባለሙያ የሚያመጣ ገዢ ምስጥ ቢገኝ እንኳ ገንዘቡ እንዳይቀርበት ሲል ውሉን ወደ መቀበል ያዘነብላል። ሻጩ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ቢል፣ ደላላውም ቢያጣድፍ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይጠይቁ። ይህን ያህል ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ለምን እንደሚቸኩል ማወቅ የእርስዎ መብት ነው።

ባለሙያውን መምረጥ

በአካባቢው ቤት መመርመርን ብቻ ሥራው ያደረገ ድርጅት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ሥራውን የሚሠራ ሰው አይጠፋም። የሙያ ፈቃድ ያለው ሲቪል መሐንዲስ ከደብረ ብርሃን ወይም ከአዲስ አበባ መጥራት ይቻላል፤ ለጭቃ ቤት ግን ለረጅም ጊዜ በቆላው የሠራ አናጺና ግንበኛ ከመሐንዲሱ ጋር አብሮ እንዲገባ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በልስን ውስጥ የተሸሸገ ማገር ምን እንደሚመስል በእጁ የሚያውቀው እርሱ ነው። የመረጡት ሰው ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው መሆኑን ያረጋግጡ። ክፍያው ቤቱ ቢገዛም ባይገዛም የማይለወጥ፣ አስቀድሞ የተቆረጠ ዋጋ ይሁን። ምን ምን እንደሚመረምር፣ ጣሪያ ላይ የሚወጣ መሆን አለመሆኑን፣ ሪፖርቱን በጽሑፍና በፎቶግራፍ መቼ እንደሚያስረክብ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

ለምርመራው መሰላል፣ ባትሪ፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ ካቻቢቴ፣ የኤሌክትሪክ ቴስተርና ትንሽ ጀሶ ቢዘጋጅ ይበቃል። ሰዓቱን በተመለከተ ሁለት ጊዜ መሄድ ይሻላል፦ አንዴ በማለዳ፣ አንዴ ደግሞ ሙቀቱ በሚበረታበት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ። ከቻሉ በክረምት ወይም በበልግ ዝናብ ማግስት ይሂዱ። በበጋ ደርቆ የሚታይ ግቢ ሐምሌ ላይ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

ግቢውና የውሃው መንገድ

ወደ ቤቱ ከመግባትዎ በፊት ዙሪያውን ይዙሩ። በዚህ አገር ጎርፍ የሚመጣው ዝናብ ከጣለበት ስፍራ ብቻ አይደለም፤ በላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ውሃ ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ በሮቢት፣ በጀውሃ፣ በአጣዬ ወንዞችና በየደረቁ ሸለቆዎች ድንገት ይደርሳል፤ ደራሽ የተባለውም ስለዚህ ነው። የአጥሩን ግርጌ፣ የዛፎችን ግንድና የጎረቤትን ግድግዳ ተመልክተው ደለል ወይም የተጠላለፈ ጭራሮ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደቀረ ይለኩ። ከዚያም ከጎረቤት አንድ አዛውንት ፈልገው «አባባ፣ ውሃው በእናንተ ጊዜ እስከ የት ደርሶ ያውቃል?» ብለው ይጠይቁ። እጃቸውን ዘርግተው የሚያሳዩዎት ምልክት ከየትኛውም ካርታ ያልተናነሰ ማስረጃ ነው።

በመስኖ የሚለማ ማሳ በአጠገቡ ካለ ቦዩ ከቤቱ መሠረት ምን ያህል እንደሚርቅና ወደየት እንደሚያዘነብል ይታይ። ሽንኩርትና ፓፓያ ሲጠጣ ዓመቱን ሙሉ የሚያፈስ ቦይ መሠረቱን ያለማቋረጥ ያርሳል፤ ለምስጥም እርጥበቱን ያቀርብለታል። በግቢው ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ስፍራ ካለ ለወባ ትንኝ መራቢያ ስለሚሆን መደልደል ይኖርበታል፤ በመስኮቶቹ ላይ የወንፊት ሽቦ መኖር አለመኖሩም በዚሁ አብሮ ይመዝገብ።

አፈሩ፣ መሠረቱና ስንጥቁ

ከቤቱ ራቅ ብሎ ወደ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ በሻጩ ፈቃድ ያስቆፍሩ። አፈሩ ጥቁር፣ ሲረጥብ የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያበጅ ከሆነ መረሬ ነው። በመረሬ ላይ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ጥቁሩን አፈር ጠርጎ አውጥቶ በገረጋንቲ፣ ማለትም በጠጠራማ አፈር፣ ይተካል፤ ይህ ካልተደረገ መሬቱ በክረምት ቤቱን ያነሳዋል፣ በበጋ ይለቀዋል። ሻጩ መሠረቱ ሲወጣ የተነሣ ፎቶግራፍ ወይም የግንባታ ፈቃድና ፕላን ካለው እንዲያሳይ ይጠየቅ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስኑ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ሲሚንቶው ሲደርቅ የሚያመጣው ነው፤ ቤት አይጥልም። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ ወይም በብሎኬቶቹ መገጣጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ፣ ከታች ቀጥኖ ከላይ የሚሰፋ ስንጥቅ ግን መሠረቱ በእኩል እንዳልተቀመጠ ይነግራል። እየሰፋ መሆኑን ለማወቅ በስንጥቁ ላይ አነስተኛ የጀሶ ማኅተም ተለጥፎ ቀኑ ይጻፍበታል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም ማለት ነው። ውጤቱ ሳምንታት ስለሚወስድ ይህን የሚያደርገው ጊዜ ያለው ገዢ ነው፤ እኔ ግን ለትልቅ ቤት መታገሡ ይገባዋል እላለሁ።

ስለ ምሰሶና ስለ ማሰሪያ ሲጠየቅ «እዚህ ፎቅ የለም፣ ምን ያስፈልጋል?» የሚል መልስ ይሰማል። መልሱን አይቀበሉት። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷታል፤ በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተደጋገመውን ንዝረትም የብዙ ሰው ቤት አስተውሎታል። ብሎኬቱ በላይ በኩል በኮንክሪት ማሰሪያ የታሰረ መሆኑን፣ ጣሪያውም ከማሰሪያው ጋር በብረት የተያያዘ መሆኑን መሐንዲሱ ያረጋግጥ። ኮንክሪቱንም በካቻቢቴ ይጫረው፤ በሙቀት አገር ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ኮንክሪት እንደ ጠመኔ ይረግፋል።

ምስጥ

ከሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ እዚህ ላይ ያሳልፉ። አንድ የአጎቴ ልጅ በቆላው በጥር ወር አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የሲሚንቶ ልስን ያለው ቤት ገዛ፤ ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ በጣለ ማታ ከሳሎኑ የበር መቃን ሥር አሸን ፈልቶ መብራቱን ሸፈነው። መቃኑን ሲነቅሉት ከቀለሙ ጀርባ የቀረ እንጨት አልነበረም፤ ከግድግዳው ማገርም ግማሹ ባዶ ነበር። እኔም ቤቱን ከመግዛቱ በፊት አብሬው አይቼው ስለነበር፣ ያን ዕለት ሳላንኳኳ መመለሴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይችል ከአፈር ወደ እንጨት ሲወጣ የአፈር መተላለፊያ እየገነባ ነው። እነዚህ የጣት ውፍረት ያላቸው መስመሮች በግድግዳው ግርጌ፣ በቁም ሳጥን ጀርባ፣ በመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ዙሪያና በወለሉ ስንጥቅ ላይ ይፈለጋሉ። ሲገኙ ሁለት ጣት ያህሉን ሰብረው ፎቶ ያንሱና ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሱ፤ የተሰበረው ተጠግኖ ከተገኘ ምስጡ በሥራ ላይ ነው። የበርና የመስኮት መቃን በተለይ ወለሉ ውስጥ በተቀበረበት ጫፍ በካቻቢቴ እጀታ ይንኳኳ፤ ደህና እንጨት ድምፁ ድፍን ነው፣ የተበላው ግን እንደ ቅል ያስተጋባል። የካቻቢቴው ጫፍ ያለ ጉልበት ከገባ ነገሩ አልቋል።

በቆላው ብዙ ቤት ከባሕር ዛፍ አጣናና ከጭቃ ተሠርቶ በላዩ ሲሚንቶ ይለሰናል። ልስኑ ግድግዳውን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ምስጡንም ከዓይን ይሰውረዋል። ስለዚህ በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ በሁለት ወይም በሦስት ስፍራ እጅ የሚያስገባ ያህል ልስኑ እንዲነሳና እንጨቱ እንዲታይ ሻጩን በግልጽ ይጠይቁ፤ መጠገኛውን እርስዎ ይክፈሉ። ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው። ቋሚዎቹ ከወይራ ወይም ከጽድ የተሠሩ ከሆኑ ምስጥን የተሻለ ስለሚቋቋሙ ዋጋቸው ይታወቅላቸው። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጉዳቱን ያዘገይ ይሆናል እንጂ አያስቀረውም፤ አፈሩንና ጉድጓዱንም ይበክላል። ከግድግዳ ጋር የተከመረ ማገዶና የማሽላ አገዳ፣ በግቢው ያለ ኩይሳ፣ ከአፈር ጋር የሚነካካ ጎተራ፣ ሁሉም በሪፖርቱ ውስጥ ይግቡ።

ጣሪያው

እኩለ ቀን ላይ በርና መስኮቱን ዘግተው ኮርኒስ በሌለበት ክፍል ወይም በኮርኒሱ መግቢያ በኩል ወደ ላይ ይመልከቱ፤ እንደ ኮከብ የሚታየው የብርሃን ነጥብ ሁሉ ዝናብ ማስገቢያ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት ይሰበሰባል፤ ይህ እየተደጋገመ ምስማሩን ያላላዋል፣ ጎማውንም ያደርቀዋል። የቆርቆሮው ጌጅ ቁጥር ይጠየቅ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ 28 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይሻላል። በ8 ሰዓቱ ጉብኝት ደግሞ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ገብተው ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ኮርኒስ ከሌለ፣ የሙቀት መውጫ ቀዳዳ ከሌለ፣ የምዕራቡ ግድግዳም ጥላ ከሌለው ሌሊት እንኳ እንቅልፍ አይኖርም፤ ማስተካከያው የሚያስወጣው ገንዘብ ከዋጋው ጋር ይሰላ።

መብራት፣ ውሃና መጸዳጃ

የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ ብሬከርና ወፍራም ሽቦ ያስፈልገዋል፤ ምጣዱን ለኩሰው ሽቦውና ሶኬቱ ይሞቅ እንደሆነ ይፈትሹ። የመሬት ሽቦው በደረቅ አፈር ውስጥ ደካማ ስለሚሆን ባለሙያው በመሣሪያ ይለካው። የጉድጓድ ውሃ ካለ ከመጸዳጃው ቢያንስ 30 ሜትር መራቁ ይታይ፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ሊበዛበት ስለሚችል በቤተ ሙከራ ይመርመር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። መረሬ ውሃ ስለማያሰርግ የሴፕቲክ ታንኩ በክረምት ይሞላ እንደሆነ ከሻጩ ይልቅ ተከራዩን ይጠይቁ።

ወረቀቱና ሪፖርቱ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚገዙት ቤቱንና በላዩ የተሠራውን ነው። በካርታው ላይ የተጻፈው ስፋት በሜትር ከተለካው ጋር ይመሳከር፣ እዳና እገዳ አለመኖሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቅ። «ከቤቱ ጋር ግማሽ ጥማድ እርሻ እሸጥልሃለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ፣ የገጠር መሬት ደብተር የመጠቀም መብት እንጂ መሸጫ እንዳልሆነ ይወቁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት።

የባለሙያው ሪፖርት ጉድለቶቹን በሦስት ይለይ፦ ሰው የሚገባበትን ቤት አደገኛ የሚያደርጉ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠገን ያለባቸው፣ ሊቆዩ የሚችሉ። ለእያንዳንዱ የግምት ወጪ ይጻፍበት። ያን ይዘው ከሻጩ ጋር ሲቀመጡ ቤቱን አያንቋሹ፤ ፎቶግራፉን አውጥተው መጠገኛውን ማን እንደሚሸፍን ይነጋገሩ። የተስማሙበት ጥገና ምን እንደሆነ፣ በምን ቀን እንደሚያልቅ፣ እስኪያልቅ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያዝ በውሉ ላይ ከሰፈረና ባለሙያው ተመልሶ ካረጋገጠ በኋላ ቀሪው ይከፈላል።