የልብ ድካም፣ እንቅስቃሴና አሞኒያ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሽተኛን አልጋ ላይ ማዋል። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እንደዚህ ስህተት የሚያንገበግበኝ የለም። አንድ አባት ከሆስፒታል ወጡ። የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ ሐኪሙም «ቀስ እያሉ ይራመዱ» ብሏቸዋል። ልጆቻቸው ግን ከፍቅር ብዛት ከአልጋ አላስወርድ አሏቸው። ምግቡ አልጋ ላይ፣ የእጅ ውሃው አልጋ ላይ። ሊነሱ ሲሉ «አባዬ ተው፣ ልብህን ታደክመዋለህ!» እኔ ጋ ሲመጡ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጃቸው ይዘውም መነሳት አቃታቸው። ጭናቸው ሟሟ። ልባቸው አልባሰም ነበር፤ የከዳቸው ጡንቻቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ የሚሠራው ኤቲፒ በሚባል ጉልበት ነው። ኦክስጅን በደንብ ሲደርሰው የጨረሰውን ወዲያው ይተካል። መተካት ሲያቅተው ግን ከኤቲፒ የተረፈው ኤኤምፒ ይፈርስና አሞኒያ የሚባል ሰውነት ሊያስወግደው የሚገባ ቆሻሻ ይወጣል። ጤነኛ ሰውም ዳገት ሲሮጥ አሞኒያው ይጨምራል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ገና በቀላል ሥራ እዚያ ይደርሳል። ወደ ጡንቻው የሚሄደው ደም ያንሳል። ጡንቻው ራሱም ተለውጧል፤ ብዙ የሚቆዩት ክሮች ቀንሰው ቶሎ የሚደክሙት በዝተዋል። አሞኒያ በብዛት የሚያመርቱትም እነዚሁ ናቸው።

አሞኒያን ከደም የሚያጠራው በዋናነት ጉበት ነው፤ ዩሪያ ያደርገውና በኩላሊት ይወጣል። ጡንቻም ያግዛል፣ ግሉታሚን ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። እንግዲህ ሰውዬውን ስታስተኙት ይህን አጋዥ ጭምር እያሟሟችሁ ነው። እባካችሁ ተዉ! በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው ኤችኤፍ-አክሽን የተባለ ጥናት 2,331 ታማሚዎችን አሳትፏል። ሕመማቸው ለተረጋጋ ሰዎች የታቀደ እንቅስቃሴ አስጊ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ደህና የዋሉ ቀን መሮጥ። «ዛሬማ ድኛለሁ» ይሉና ዳገቱን አንዴ ይወጡታል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ይተኛሉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ መራመድ ይሻላል። እየሄዱ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃትዎ ፍጥነቱ በዝቷል። የልብ ምት ቆጥረው ብቻ አይፍረዱ፤ እንደ ካርቬዲሎል ያሉ መድኃኒቶች ምቱን ዝቅ አድርገው ይይዙታል።

«አሞኒያ» ሲሰሙ ፕሮቲን ማቆም። ኢንተርኔት ላይ አንብበው እንቁላሉንም፣ ሽሮውንም፣ ምስሩንም የተዉ እናት አጋጥመውኛል። በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚጨምረው አሞኒያ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ከሚሠራው ጡንቻ እንጂ ከሳህኑ አይደለም። ፕሮቲን ሲቀር ጡንቻ ይሟሟል። የሚቀነሰው ጨው ነው።

በባዶ ሆድ መሥራት። ጡንቻ ያከማቸው ስኳር ሲያልቅ አሞኒያው ይብሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ምግብ ቀምሰው ትንሽ ከቆዩ በኋላ ይራመዱ። የመድኃኒቱን ሰዓት ደግሞ ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ።

ጡጫ አስጨብጦ ደም መቅዳት። ይሄ ለሙያ ጓደኞቼ ነው። ትሬድሚል ላይ የሚራመድ ሰው አሞኒያው ሲለካ ክንዱን በላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ማሰርና «ጨብጥ፣ ልቀቅ» ማለት ምን ይሉታል? የምትለኩት የክንዱን ጡንቻ አሞኒያ ይሆናል። የተቀዳው ደም ጠረጴዛ ላይ ሲቆይም ቁጥሩ ዝም ብሎ ይጨምራል፤ ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ሆነውም አሞኒያ ይለቃሉ። በረዶው ቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ሴንትሪፊውጁም (ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) ነፃ ካልሆነ ደሙን አትቅዱ። በሐሰተኛ ቁጥር ታማሚ ይደነግጣል፣ ሐኪም ይሳሳታል።

በድንገት ማቆም። ፍጥነቱን ቀስ እያሉ ይቀንሱ፤ በተለይ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ራስዎን ሊያዞርዎት ይችላል።

ምልክት ቸል ብሎ መቀጠል። በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ያህል ከጨመሩ፣ ለመተኛት ትራስ መደራረብ ከጀመሩ፣ ወይም ቁጭ ብለው እያለ ትንፋሽ ካጠረዎ የዚያን ቀን ልምምድ የለም፤ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። ደረትዎን ከጨመደደዎ ወይም ራስዎን ከሳቱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።