ጎንደር ላይ ክሊኒካል ለምትጀምሩ፦ ዋርድ ውስጥ እንዴት ይማራል?

ፕሪክሊኒካሉን፣ ማለትም የክፍሉን ትምህርት ጨርሳችሁ ጋውን ልትለብሱ ነው። ሲ ዋን (የመጀመሪያው የክሊኒካል ዓመት) የሚገባ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ?" ብሎ ነው። መጽሐፉ አይጠፋም፣ ታነቡታላችሁ። እኔ የምላችሁ አንድ ታማሚ ያዙ ነው። ዋርዱን፣ ታማሚዎች የሚተኙበትን ክፍል በሙሉ ለማዳረስ አትሩጡ። አንድ ሰው ምረጡና ከተኛበት ቀን እስኪወጣ ተከተሉት፤ ጠዋት ከራውንድ (ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ ዞረው ታማሚዎቹን ከሚያዩበት) በፊት እዩት፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ አስታማሚውን ጠይቁ፣ የላብራቶሪ ውጤቱ ሲመጣ ቀድማችሁ አንብቡት፣ መድኃኒት ሲቀየር ለምን እንደተቀየረ ሬዚደንቱን (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረውን ሐኪም) ጠይቁ። ስለ በሽታው የምታነቡት ያን ቀን ማታ ነው። እንዲህ የተነበበ ነገር አይረሳም።

አልጋው ጋ ስትደርሱ ሰላምታው ይቅደም። "እንዴት አደሩ እማማ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር?" በሉ፣ መልሱንም ስሙ። አስታማሚውንም ሰላም በሉት፤ ግማሹን ታሪክ የሚያውቀው እሱ ነው። ካህን ከሆኑ "አባታችን" ይባላል። ተማሪ መሆናችሁን ተናገሩ። "ዶክተር" ብለው ስለጠሯችሁ ዝም ብሎ ማለፍ ደስ አይለኝም። ያው ታማሚ ጠዋት በሌሎች ተማሪዎች ተጠይቆ ይሆናል፣ ደክሞት ከሆነ ተዉትና ከሰዓት ተመለሱ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጎንደር ላይ ሂስትሪ (የታማሚውን የሕመም ታሪክ) ስትወስዱ "ከየት ነው የመጡት? ሥራዎ ምንድን ነው? በቅርቡ ወዴት ወርደው ነበር?" የሚሉት ጥያቄዎች ለወግ የሚጠየቁ አይደሉም። የጎንደሩ የሕክምና ትምህርት ቤት ራሱ በ1947 ዓ.ም የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሰልጠን ሲጀምር፣ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ዛሬም ቦታው ይናገራል። ከደባርቅ ደጋ የመጣ ወጣት ትኩሳት ካለው፣ ደጋ ነው ብላችሁ ወባን አትዝለሉ። ለሰሊጥ አረም ወይም አጨዳ መተማ ወርዶ የከረመ ሊሆን ይችላል።

ያ ወጣት ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ፣ ጣፊያው ካበጠ ካላዛርን (ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ በጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ በሽታ) አስቡ። አስተላላፊዋ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ የቆላው ዋልካ መሬትና የግራር ጥላ ይስማማታል። ስለዚህ የት እንደሚያድር፣ ሜዳ ላይ ይተኛ እንደነበር፣ አጎበር እንዳለው ጠይቁ። የኤችአይቪ ምርመራ መደረጉንም ቻርቱ ላይ ፈልጉ፤ ሁለቱ አብረው ሲገኙ ሕክምናው ይለያል፣ በሽታውም የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። የተለመደው የካላዛር ሕክምና፣ ሁለት ዓይነት መርፌ አብሮ የሚሰጥበት፣ 17 ቀን ነው። አንድ ታማሚ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህም ነው። ተሸክመው ያስገቡት ልጅ ትኩሳቱ ሲወርድ፣ ምግብ ሲጠይቅ፣ ጣፊያው እየቀነሰ ሲሄድ በእጃችሁ ታዩታላችሁ። ይህን ዕድል ያላገኘ የሕክምና ተማሪ በዓለም ላይ ብዙ ነው።

ጣፊያ ስትፈልጉ ከግራ ጎድን ሥር አትጀምሩ። ጣፊያ የሚያድገው ወደ ቀኝና ወደ ታች ነው፣ ስለዚህ ከቀኝ የታችኛው ሆድ ተነስታችሁ በየትንፋሹ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ሂዱ። አለበለዚያ በጣም ያበጠውን ጠርዙን ሳታገኙ ታልፉታላችሁ። እጃችሁን አሙቁ። አትጫኑ፣ ያበጠ ጣፊያ ሊፈነዳ ይችላል።

ጋይኒ (የማህፀንና ፅንስ ክፍል) ስትገቡ ደግሞ የመጨረሻ የወር አበባ ቀን ያስቸግራችኋል። "ቀኑን አላውቀውም" ስትላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ በበዓል ጠይቋት፤ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ለፋሲካ ስንት ቀርቶት ነበር? አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። የመውለጃውን ቀን በእኛው አቆጣጠር ለማውጣት ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ደምሩ፤ መሃል ላይ ጳጉሜ ካለ ግን በ10 ቀን ፋንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት 4 ቀን። ጥር 11 ያየች ሴት ጳጉሜ 5 በሆነችበት ዓመት ጥቅምት 16 ትደርሳለች ማለት ነው።

ሕፃናት ክፍል ትንፋሽ ስትቆጥሩ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ፣ ሕፃኑ ሳያለቅስ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ልማድ ሆኗል፣ እናንተ አትልመዱት።

ጾምና ጠበል ሳትጠይቁ አትለፉ። በጾም ጊዜ የጠዋቱን ኪኒን ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚገፉ አሉ፣ ጠበል ሲገቡ ጭራሽ የሚያቋርጡም አሉ። ቆጣ ብላችሁ ከጠየቃችሁ "ወስጃለሁ" ይሏችኋል፣ እናንተም ቲቢው ለምን አልተሻለም እያላችሁ ትደክማላችሁ። "ጠበል ላይ ሳሉ መድኃኒቱን እንዴት ያደርጉት ነበር?" ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱም ንገሯቸው።

ራውንድ ላይ ኬዝ ስታቀርቡ አጠር አድርጉት። ያልሰማችሁትን መርመር (በስቴቶስኮፕ የሚሰማ ያልተለመደ የልብ ድምፅ) "ሰምቻለሁ" አትበሉ። ሲኒየሩ ሰምቶ እናንተ ካልሰማችሁ "እኔ አልሰማሁም፣ ያሳዩኝ" በሉ። አንዳንዱ ይቆጣል፣ ይቆጣ። ስቴቶስኮፑን አስቀምጦ "እዚህ ጋ ስሚ፣ ግራ ጎኑን አዙሪው" የሚል ሲኒየርም አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው ስታገኙ የዱቲውን (የተረኝነቱን) ቀን እያያችሁ ከእሱ ጋር ግቡ። እኔ ከሌክቸር ይልቅ የሌሊት ዱቲ ያስተምራል ባይ ነኝ። ሰው ይቀንሳል፣ ኢንተርኑም የሚያግዘው ይፈልጋል፣ ደም መቅዳትና ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት የምትለምዱት ያኔ ነው።

መርፌ ስትይዙ ግን አትቸኩሉ፣ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑ፣ በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (የመርፌ መጣያው ሳጥን)። መርፌው እናንተን ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ አትጭመቁት። ወዲያው ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው፣ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። የሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢሆንም የዱቲ ሬዚደንቱን ቀስቅሱት።