የድሮ ስናይፐር ጠመንጃ ለሰብሳቢ፦ አመራረጡና አገዛዙ

የምኖረው ሰበታ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ያሉ የእህትና የወንድም ልጆች አላስቀምጥ ብለውኛል። አሮጌ የጦር ጠመንጃ መሰብሰብ ጀምረዋል። ማታ ማታ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው?» የሚል ጥያቄ። ለእያንዳንዱ ለብቻው መመለስ ሰለቸኝና አንድ ላይ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ሕጉን እንጨርስ። በእኛ አገር ይሄ ነገር እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይያዝም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሸጥንም ማዘዋወርንም ከልክሏል። «ሰብሳቢ ነኝ» ማለት አያድንም። ሰበታም ሆነ ቡራዩ፣ ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ፣ ጠጋ ብሎ «አንድ ዕቃ ነበረች» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። የአያት ምንሽር ወይም ውጅግራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሆነም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ገበያ ማውጣት አይደለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በሕግ መግዛት በሚቻልበት አገር፣ በተለይ አሜሪካ፣ ለሚኖር ሰው ነው።

አሜሪካ ላላችሁም ሁሉም ክፍት አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ መሣሪያ መያዝ ራሱ ወንጀል ይሆንበታል። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ስትገዙ ቅጽ 4473 ትሞላላችሁ፤ የኋላ ታሪካችሁም ይጣራል። ዕድሜው 21 የሞላ ሰብሳቢ የሰብሳቢ ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ፈቃዱ ለ3 ዓመት ያገለግላል። 50 ዓመት የሞላቸውንና እንደ ጥንታቸው ያሉትን መሣሪያዎች ከሌላ ግዛት አስልኮ ለመቀበል ያስችላል። በምትኩ የገባና የወጣውን ሁሉ መዝገብ ላይ ማስፈር ግዴታ ነው። የየግዛቱ ሕግ ደግሞ ለየብቻው ነው፤ የራሳችሁን አንብቡ።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ የኛን ሰው ጠባይ ስለማውቅ ነው። «ወረቀት የለኝም፣ ብሩን እኔ ልስጥህ፣ በስምህ ግዛልኝ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ይሉኝታ ይዟችሁ እሺ እንዳትሉ። ቅጹ ላይ ትክክለኛው ገዢ እኔ ነኝ ብላችሁ ትፈርማላችሁ፤ ውሸት ከሆነ የፌዴራል ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ስናይፐር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ያው የእግረኛው ጠመንጃ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በትክክለኛነቱ ተመርጦ መነጽር ተገጠመለት። ስለዚህ ተራው ጠመንጃ በርካሽ በሚገኝበት ገበያ ላይ፣ ያንኑ ጠመንጃ ስናይፐር የሚያደርገውና ዋጋውን ብዙ እጥፍ የሚያንረው መነጽሩና የመነጽሩ ማሰሪያ ነው። ፎርጅዱም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። የሚያብረቀርቀውን እንጨት ትታችሁ ቀዳዳውን፣ ብሎኑን፣ ቁጥሩን እዩ።

ለጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የሩሲያው ሞሲን ናጋንት ነው። መሠረቱ የ1891 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው፤ በ1930 ተሻሻለና 91/30 ተባለ። ፒዩ የሚባለው 3.5 ጊዜ የሚያቀርበው አጭር መነጽር በዚህ ጠመንጃ ላይ በብዛት መገጠም የጀመረው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፒኢ እና ፒኢኤም የሚባሉት 4 ጊዜ የሚያቀርቡ መነጽሮች ናቸው። እንግዲህ በርሜሉ ላይ 1935 የተጻፈበት ጠመንጃ ፒዩ ተሸክሞ ከመጣ ወዲያው ውሸት ነው አትበሉ፤ ነገር ግን ሻጩ ታሪኩን ያስረዳ። የኢዥቭስክ ፋብሪካ ምልክት ቀስት ያለበት ሦስት ማዕዘን ነው፤ የቱላው ቀስት ያለበት ኮከብ ነው።

ቀጥሎ በግራ በኩል እዩ። የመነጽሩ ማሰሪያ የሚቀመጠው እዚያ ነው። የበርሜሉ ሥር በግራ ጎኑ ላይ የመነጽሩ መለያ ቁጥር ተመቶ ይገኛል፤ ከተገጠመው መነጽር ጋር አስተያዩት። አሮጌው ቁጥር ተሰርዞ አዲስ ቢጻፍበት አትደንግጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሶቭየት መሣሪያ ግምጃ ቤቶች ጠመንጃዎቹን ሲያድሱ እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኔም በሥራ ዘመኔ ስንት ቁጥር ሰርዤ ስንት ጽፌያለሁ። የሚያስፈራው ሰማንያ ዓመት በኖረ ብረት ላይ ጠርዙ ስል የሆነ፣ ዛሬ የተመታ የሚመስል ቁጥር ነው።

መቀባበያው ወደ ታች የታጠፈ መሆን አለበት። የተራው ሞሲን እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ይወጣል፤ መነጽር ከላይ ሲቀመጥ ግን ሲቀባበል ይጋጨዋል። በዚሁ መነጽር ምክንያት ጥይቱ በአንዴ አምስት አምስት ሳይሆን አንድ በአንድ ነው የሚጎረሰው። አጭበርባሪ የተራውን እጀታ ቆርጦ ይበይዳል። የብየዳው ጠባሳ በሞረድ ቢጠፋም የብረቱ ቀለም አንድ አይሆንም። በጠራራ ፀሐይ ፎቶ አንሱልኝ የምለው ለዚህ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ጥሩ ዕድል የሚሆን አለ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ስናይፐሮች መነጽራቸው ወልቆ፣ ቀዳዳቸው ተደፍኖ ለእግረኛ ጦር ተሰጥተዋል። ሻጩ ሳያውቀው እንደ ተራ ሞሲን ይሸጠዋል። በግራ ጎኑ ላይ የተደፈነ ክብ ቀዳዳ ምልክት ካያችሁ ዝም ብላችሁ ግዙ! አዲስ መነጽር ገጥማችሁ «እንደነበረው» ብላችሁ ለመሸጥ ግን አትሞክሩ።

የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ቁጥር 4 (ቲ) ለእኔ ከሁሉም የሚታመነው ነው፤ እንግሊዞች ሁሉንም ነገር ስለሚጽፉ። ብዙዎቹን የቀየረው ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የለንደን ጠመንጃ ሠሪ ነው። መነጽሩ ቁጥር 32 ይባላል፤ 3.5 ጊዜ ያቀርባል። «ቲ» የሚለው ፊደል በብረት አካሉ፣ ማለትም በርሜሉ በሚታሰርበት ዋናው ብረት፣ ግራ ጎን ተመቷል። የጠመንጃው ቁጥር በመነጽሩ ማሰሪያ ላይ፣ የመነጽሩ ቁጥር ደግሞ በሰደፉ አንገት ላይ ይገኛል። ሦስቱን አስተያዩ። ሰደፉ ላይ የጉንጭ ማሳረፊያ እንጨት አለ። ከእንጨት ሳጥኑ ጋር ከተገኘ ዋጋው ሌላ ነው።

ኤም 1 ጋራንድ ለእኛ ሰው ልብ ቅርብ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት በአሜሪካ መሣሪያ ነው የታጠቀው። ስናይፐሮቹ ኤም 1 ሲ እና ኤም 1 ዲ ይባላሉ። ጥይቱ ስምንት ስምንት ሆኖ ከላይ ስለሚገባ መነጽሩ መሀል ላይ መቀመጥ አልቻለም፤ ወደ ግራ ተገፍቷል። ለዚህም ነው ሰደፉ ላይ የቆዳ ትራስ የሚታሰርለት። የኤም 1 ሲ ማሰሪያ የሚገባው በራሱ በብረት አካሉ ላይ በፋብሪካ በተበሱ ቀዳዳዎች ነው። የኤም 1 ዲ ግን በርሜሉ ላይ ነው። በርሜል ደግሞ ይቀየራል። ስለዚህ ያለ ወረቀት ኤም 1 ዲ አትግዙ፤ ጥሩ መካኒክ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራዋል። የአሜሪካው የሲቪል ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም ከሸጣቸው መካከል የምስክር ወረቀት ያላቸው አሉ። እሱን ፈልጉ።

የጀርመኑን ካር 98 ኬ ለጊዜው ተዉት። በፎርጅድ ብዛት የሚስተካከለው የለም፤ ባለሙያዎችም ይጣሉበታል። «ድራጉኖቭ»፣ ማለትም የሶቭየቱ ስናይፐር፣ ብለው የሚያሳዩዋችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሮማኒያው ፒኤስኤል ነው። መልኩ ይመሳሰላል፣ ውስጡ ግን ከክላሽ ወገን የሆነ ሌላ መሣሪያ ነው። በራሱ መጥፎ አይደለም፤ በድራጉኖቭ ዋጋ መግዛት ነው መጥፎው።

ጠመንጃው እጃችሁ ሲገባ ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ሻጩ «ባዶ ነው» ቢልም ክፈቱና በዓይንም በጣትም እዩ። ከዚያ መቀባበያውን አውጥታችሁ በበርሜሉ ውስጥ ወደ ብርሃን ተመልከቱ። ጠመዝማዛዎቹ መስመሮች ጠርዛቸው መታየት አለበት። ጥቁረት ብቻ ከሆነ ሊጸዳ ይችላል፤ የተበላ ጉድጓድ ከሆነ ግን አይመለስም። የአፈሙዙ ጫፍ ከማጽጃ ዘንግ ብዛት ሞላላ ሆኖ ከሆነ የመምታት ችሎታው ሄዷል። ለመተኮስ ካሰባችሁ ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል ልክ ጠመንጃ ሠሪ በመለኪያ ያረጋግጥ። ይሄን በግምት አታልፉት፤ ዓይን ያጠፋል።

መነጽሩን ወደ ሰማይ አዙሩና እዩ፤ ወደ ፀሐይ ግን አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። በዙሪያው ደመና ካለ የመስተዋቶቹ ማጣበቂያ ለቋል። ማስተካከያዎቹን አዙሩ፤ መንቀሳቀስ አለባቸው። በፒዩ ላይ ስታዞሩ የማነጣጠሪያው መስመር ራሱ ከመሀል ቢሸሽ ብልሽት አይደለም፤ ሥሪቱ እንደዚያ ነው።

በርሜሉ ላይ የአስመጪ ድርጅት ስም ካገኛችሁ በሕግ የተጠየቀ ምልክት ነው። አንዳንድ ሰብሳቢ ይጠላዋል፤ እኔ ግድ የለኝም። እንዲያውም በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በዚሁ መንገድ አሜሪካ ገበያ ገብተዋል። የራሱ የጠመንጃው መለያ ቁጥር የተፋቀበትን ግን በነፃ ቢሰጧችሁም አትንኩ፤ መያዙ ራሱ ያሳስራል።

ከገዛችሁ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። በአሸዋ ወረቀት አትፈትጉ፣ ቫርኒሽ አትቀቡ፣ ብረቱን አታጥቁሩ። ዋጋውን ግማሽ የሚያደርገው ይሄ ነው። የድሮው ግራሶ በሙቀትና በጨርቅ ይለቃል። አሮጌ የጦር ጥይት ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን በርሜሉን በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ የጥይቱ ማቀጣጠያ ካፕሱል ጨው ይተዋል፣ ጨውን ደግሞ ዘይት ብቻውን አያወጣውም። ከዚያ አድርቁና ዘይት ቀቡ። መነጽሩን ያለ ምክንያት ከማሰሪያው አታውልቁ። ደረሰኙንና ሲገዛ የተነሱትን ፎቶዎች ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ጠመንጃው ራሱ ደግሞ ልጆች በማይደርሱበት የሚቆለፍ ካዝና ውስጥ ይግባ።