የወላጆቻችንን የሜዲኬር እርዳታ የሚያስቀሩ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው የሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪም ሕክምና ሽፋኑ) ወርሃዊ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2026 202.90 ዶላር ገብቷል። በትንሽ ጡረታ ለሚኖሩ እናት ይህ የአስቤዛ ገንዘብ ነው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ይህን ክፍያ መንግሥት የሚሸፍንበት ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም የሚባል እርዳታ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለአገራችን ሰዎች ፎርም ስሞላ፣ የሚገባቸውን ሳይጠይቁ የቀሩ፣ አግኝተውም የተቋረጠባቸው ወላጆች ያጋጥሙኛል።

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ደብዳቤ ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ነው። እርዳታው በየጊዜው ይታደሳል። የማደሻው ፎርም በፖስታ ይመጣል፤ በቀኑ ካልተመለሰ እርዳታው ይቋረጣል። እናቶቻችን እንግሊዝኛ ስለሚከብዳቸው “ልጄ ሲመጣ ያየዋል” ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ልጅ ደግሞ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዲት እናት ከጡረታቸው ገንዘብ መቆረጥ ሲጀምር ደንግጠው ፌስታል ሙሉ ፖስታ ይዘውልኝ መጡ። አብረን ከፈትነው፦ የማደሻው ፎርም፣ ማስታወሻው፣ የማቋረጫው ደብዳቤ፣ ይግባኝ የሚባልበት ቀን። ሁሉም እንደታሸገ፣ ቀኑም አልፎ። እኚህ እናት የእርዳታው መስፈርት አንዱም አልጎደለባቸውም ነበር። እባካችሁ ልጆች፣ በሳምንት አንድ ቀን የወላጆቻችሁን ፖስታ ክፈቱላቸው! አገር ቤት ለመክረም ሲሄዱም ፖስታቸውን የሚያይ ሰው ይኑር።

ወላጅ ከአንዱ ልጅ ቤት ወደ ሌላው ሲዛወር አድራሻ አለመቀየርም የዚሁ ወንድም ነው። ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ቨርጂኒያ እስካለው አሌክሳንድሪያ ድረስ ለእኛ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው ግን ስቴቱ ስለሆነ የሜሪላንዱ ቨርጂኒያ ላይ አይሠራም። የቀድሞውን አሳውቆ እንደ አዲስ ማመልከት ያስፈልጋል።

“ገቢያቸው ያልፋል” ብሎ ራስን መከልከል። ይህን እኔም አጥፍቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፓርኪንግ ውስጥ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩ አባት መጡ፤ ጡረታቸው 1,200፣ ደመወዛቸው 800 ዶላር። በ2025 ለአንድ ሰው የፌዴራሉ የገቢ ጣሪያ በወር 1,781 ዶላር ስለነበር ደምሬ “አባባ፣ አያገኙም” ብዬ መለስኳቸው። ከደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 65 ዶላር እንደማይቆጠር፣ ከቀሪውም ግማሹ ብቻ እንደሚቆጠር አላወቅሁም ነበር። በትክክል ሲሰላ ገቢያቸው 1,567.50 ነው። ስህተቴን አውቄ ስጠራቸው ብዙ ወራት አልፈዋል፤ ወደ ኋላ ሄዶ የተከፈለላቸው የሦስት ወር ብቻ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ከፌዴራሉ ከፍ ያለ ጣሪያ አላቸው፤ ንብረት ጭራሽ የማይጠይቁም አሉ። ስለዚህ ሂሳቡን ለቢሮው ተዉትና አመልክቱ።

የባንክ ሂሳብ ሌላው ነው። በ2025 የፌዴራሉ የንብረት ጣሪያ ለአንድ ሰው 9,660 ዶላር ነበር። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩም፤ ባንክ ያለው ግን ይቆጠራል። እኛ ደግሞ ልጅ የራሱን ገንዘብ የእናቱ ስም ባለበት የጋራ ሂሳብ ያስቀምጣል፤ የደረሰ እቁብም እዚያው ይገባል። መሥሪያ ቤቱ በመጀመሪያ የሚገምተው ገንዘቡ ሁሉ የእናት ነው ብሎ ነው። የልጅ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይቻላል፤ ሂሳቡን ቀድሞ መለየት ግን ይሻላል።

“አሥር ዓመት ስላልሠሩ ሜዲኬር የላቸውም” የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ዕድሜያቸው 65 የሞላ፣ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ የኖሩ ወላጆች ፓርት ኤንም (የሆስፒታሉን ሽፋን) ፓርት ቢንም እየከፈሉ መግባት ይችላሉ። ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ከሆነ ኪው ኤም ቢ የሚባለው የፕሮግራሙ ክፍል ሁለቱንም ይከፍላል። ስፖንሰር ያደረጋቸው ልጅ ገቢ ሊቆጠርባቸው ስለሚችል ግን ያኔ ተከልክለው ከሆነ፣ ዜግነት ሲያገኙ እንደገና ያመልክቱ።

“የመመዝገቢያው ጊዜ አልፏል፣ ቅጣት አለው” ብላችሁም አትቅሩ። በዚህ እርዳታ የገባ ሰው የፓርት ቢን የመዘግየት ቅጣት አይከፍልም፤ ማመልከትም በማንኛውም ወር ይቻላል።

ስም በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ከሆነ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉ።

ፎርም ለሚሞላ ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። በየስቴቱ ሺፕ የሚባሉ ነፃ የሜዲኬር አማካሪዎች አሉ፤ በ1-800-633-4227 ስትደውሉም አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ይቀርባል።

በመጨረሻ፣ ኪው ኤም ቢ ላላቸው። ሜዲኬር ለሚሸፍነው ሕክምና ሐኪም ቤቱ ኮፔይም (በየሕክምናው የሚከፈል ድርሻ) ሆነ ዲዳክቲብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚከፍለው) ሊያስከፍላችሁ በሕግ አይፈቀድለትም። አንድ አባት ይህን ሳያውቁ ክሊኒክ በሄዱ ቁጥር ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ቢል በፖስታ ሲመጣ ተበድረው ጭምር። አብሬያቸው ሄጄ ሁለቱን ካርዶች፣ የሜዲኬሩንና የሜዲኬይዱን (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የስቴቱን የጤና መድን)፣ መስኮቱ ላይ ስናስቀምጥ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አይታ ይቅርታ ጠየቀች። የከፈሉትን ለማስመለስ ደረሰኝ ስጠይቃቸው አንዱንም አላስቀመጡም ነበር። ደረሰኝ አስቀምጡ።