ቡችላውን ሳታስሩት አስለምዱት

ወሎ ደጋው ላይ፣ ደላንታም ይሁን መቄት፣ ውሻ የሚያዘው ግቢና በግ እንዲጠብቅ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው «ኃይለኛ ይውጣልኝ» ብሎ ቡችላውን ገና በጨቅላነቱ ያስረዋል። ይሄ አያዋጣም። ታስሮ ያደገ ውሻ የጎረቤት ልጅና ሌባ አይለይም።

ቡችላ ሰው የሚለምደው በተለይ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ልጆች ይዳስሱት፣ አያት በስሙ ይጥሩት፣ በጎቹ መሃል ይዋል። አጓቱንና ፍርፋሪውንም ከቤተሰቡ እጅ ይብላ። 8 ሳምንት ሳይሞላው ግን ከእናቱ አትለዩት። በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት በረዶ ላይ ጋሪ የሚጎትቱ ውሾችን የሚያሳድጉ ሰዎችም ቡችሎቻቸውን ገና ከጅምሩ እያቀፉና እያጫወቱ ያለማምዳሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 እዚያው አላስካ ላለችው ኖም ከተማ የዲፍቴሪያ (ጉሮሮ የሚዘጋ ተላላፊ በሽታ) መድኃኒት በብርድ ያደረሱት እንዲህ ከሰው ጋር የተግባቡ ውሾች ናቸው።

ልጅ ከውሻ ጋር ከዋለ ክትባት የግድ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፣ ከዚያም በየዓመቱ። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቡና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ መቆየት የለም።